እህቴ ስቶክሆልም 480 ቀን የወሊድ ፈቃድ፣ እኔ ዲሲ ስንት?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ካነበብኩ ቆየሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ዕድሜዬ 31 ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው ግን ዲሲ ውስጥ ባለ ትልቅ ሆቴል፣ ሃውስኪፒንግ ነው። ሦስት ዓመት አልፎኛል። በሳምንት 40 ሰዓት እሠራለሁ፣ በሰዓት 22 ዶላር ይከፈለኛል። ባለቤቴም እዚያው ዲሲ ፓርኪንግ ይሠራል፤ አምስት ዓመቱ ነው፣ በሰዓት 20 ዶላር ያገኛል። አሁን የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያ ልጃችን ናት፤ ሴት ናት ብለውናል።

ታላቅ እህቴ ስቶክሆልም ናት። አምና ወልዳ እስካሁን ቤቷ ነች፤ ገንዘቧም በየወሩ ይገባላታል። በቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ሐይቅ ዳር ጋሪ እየገፋች፣ በአንድ እጇ ቡና ይዛ ፎቶ ትልካለች። አብሮ አደጌ ደግሞ አዲስ አበባ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። አራት ወር ሙሉ ደመወዟ ሳይቆረጥ፣ እናቷ ገንፎ እያቀረቡላት አርፋ ተነሳች። እኔ እዚህ «ሀብታም አገር» ተብሎ የሚቀናብኝ፣ የማውቃት ልጅ ቨርጂኒያ ወልዳ በስድስት ሳምንቷ ያለ ምንም ክፍያ ሥራ ስትመለስ ነው ያየሁት። ባለፈው ሳምንት የእህቴን ፎቶ ሳይ ሆድ ባሰኝና የአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ቤቴ አጠገብ ያለ ነርሲንግ ሆም (የአዛውንት መጦሪያ) ሥራ አግኝቻለሁ። በሰዓት 25 ዶላር፣ ከቤቴ አሥር ደቂቃ። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪን ብለውኛል። ባለቤቴ «ሂጂ፣ ያው ሁለቱም ጋ የወሊድ ፈቃድ የለም፤ ሦስት ዶላር ሦስት ዶላር ነው» ይላል። በቀን 14 ክፍል ነው የማጸዳው፤ ወገቤ አልቋል። እናቴ መጥታ እንዳታርሰኝ ቪዛ ተከልክላለች። እህቴ «ወደዚህ ኑ» ትላለች። ጓደኛዬ «አገርሽ ገብተሽ ውለጂ» ትላለች። ማንን ልስማ?

ግራ የገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ



እህቴ፣

መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ሁለተኛ፣ እባክሽ ለነርሲንግ ሆሙ ገና እሺ አትበዪ። እምቢም አትበዪ። ይህን ደብዳቤ እስክትጨርሺ ብቻ ጠብቂኝ።

እንዲህ ያልኩሽ ባለቤትሽ ያለው አንድ ነገር ስላስደነገጠኝ ነው። «ያው ሁለቱም ጋ የወሊድ ፈቃድ የለም» ብሏል። ሰውዬው ክፉ አስቦ አይደለም፤ እዚህ አገር የምንኖር አብዛኞቻችን እንደዚያ ነው የምናስበው። አንቺ ጋ ግን ይህ ልክ አይደለም። ልክ ባለመሆኑም ቤታችሁ ውስጥ ብዙ ሺህ ዶላርና ብዙ ሳምንት ያመጣል። ወደዚያ እመጣለሁ።

ከዚያ በፊት ስለዚያ የአንሶላ ክፍል ላንሳ። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ በ42ኛው ቀን ነው ሥራ የተመለስኩት። ስም አልጠራም፣ አንድ ሱቅ ነበር። ደንበኛ እያስተናገድኩ ጡቴ ሞልቶ ሸሚዜን ሲያርሰው፣ ኮቴን ደርቤ በሐምሌ ሙቀት የቆምኩት ዛሬም አይረሳኝም። ማታ ከአዲስ አበባ ይደውሉልኛል። «አራስ አይደለሽም እንዴ? ምን ያስነሳሻል?» ይሉኛል። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ የእህትሽን ፎቶ ስታዪ የሚሰማሽን አውቀዋለሁ። ለእህትሽ ክፉ እያሰብሽ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ለራስሽና ለልጅሽ አዝነሽ ነው። እሱ ደግሞ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ራስሽን አትውቀሺበት።

ግን ፎቶው የማያሳየውን ልንገርሽ። የስዊድኑ 480 ቀን የእናት ብቻ አይደለም፤ የሁለቱ ወላጆች ነው። እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 240 ይደርሳል። አንዱ ለሌላው መስጠት ይችላል፤ ከየድርሻቸው 90 ቀን ግን አይተላለፍም፣ አባት ካልተጠቀመበት ይቃጠላል። ከ480ው 390ው ቀን ከደመወዝ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይከፈላል። የቀረው 90 ቀን በቀን 180 ክሮነር ብቻ ነው። ስዊድን ይህን መንገድ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ከዚያ በፊት እዚያም ፈቃዱ የእናት ብቻ ነበር። ገንዘቡ ከሰማይ አይወርድም። አሠሪዎች ከሚከፍሉት የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ይወጣል፤ እህትሽም በየወሩ ከደመወዟ ከባድ ግብር ትከፍላለች።

«ወደዚህ ኑ» ላለችሽ ደግሞ ይህን ልብ በይ። ያን 80 በመቶ ለማግኘት ከወሊድ በፊት ቢያንስ 240 ቀን እዚያ ሠርቶ ገቢ ማግኘት ያስፈልጋል። ያልሠራች እናት የምታገኘው በመጀመሪያዎቹ 180 ቀናት በቀን 250 ክሮነር ነው። ማለትም የአምስት ወር ሆድ ይዘሽ ነገ ብትሄጂ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ እንኳ ተሳክቶልሽ፣ የእህትሽን አራስነት አታገኚም። እሷ ያገኘችው ስለሠራችበት ነው። ወድዳሽ ያቀረበችልሽን ጥሪ እንደ ፍቅር ተቀበይው፤ እንደ ዕቅድ ግን አትያዢው።

የአዲስ አበባዋ ጓደኛሽስ? እውነቷን ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለ። በግል ድርጅት ለሚሠሩትም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀናት ሰጥቷል። ከእሱ በፊት በነበረው ሕግ በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ልንኮራበትም ይገባል። አባት ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤት አሥር የሥራ ቀን፣ በግል ድርጅት ሦስት ቀን ነው ያለው። ሦስት ቀን ማለት እንግዲህ ከሆስፒታል ወጥቶ ዕቃ እስኪገዛ ድረስ ነው።

እዚያም ቢሆን ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው ከራሱ ኪስ ነው። እንደ ስዊድን የጋራ ቋት የለም። ለዚህ ነው አንዳንድ ቀጣሪ ወጣት ሴት ሲያይ ፊቱን የሚያጠቁረው። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጠው እናት ደግሞ ከነጭራሹ የላትም፤ አዋጁ እሷ ጋ አይደርስም። ይህን የምልሽ የጓደኛሽን ዕረፍት ለማሳነስ አይደለም። ያ አራት ወር ከጓደኛሽ መሥሪያ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። አንቺ አገር ቤት ገብተሽ ብትወልጂ የሚከፍልሽ ሰው የለም።

አገር ቤት ያለሽ እውነተኛ ሀብት እናትሽ ናቸው። ይህን በፍጹም አላቃልለውም። ገንፎውን አገንፍቶ፣ ቂቤውን አናትሽ ላይ አድርጎ፣ «ተኚ፣ እኔ አለሁ» የሚል ሰው በገንዘብ አይተመንም። ልብሽ ወደዚያ ካዘነበለ ግን አሁኑኑ ነው መወሰን ያለብሽ። ብዙ አየር መንገዶች ከ36 ሳምንት በኋላ አያሳፍሩም፤ ከዚያ በፊትም የሐኪም ወረቀት የሚጠይቁ አሉ። ልጅቱ እዚያ ከተወለደች በምን ወረቀት እንደምትገባ አስቀድሞ ከሚያውቅ ሰው ጋር መነጋገር አለባችሁ። ባለቤትሽም ልጁን የሚያያት በስልክ ይሆናል። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፤ የናፈቀሽ አገር ቤት መውለድ ነው ወይስ የእናትሽ እጅ? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ እዚህ ሆነን ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ።

አሁን ወደ አሜሪካ። ይህች አገር ለወለደች እናት በአገር አቀፍ ደረጃ ክፍያ የሚያስገድድ ሕግ ከሌላቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ያለው እ.ኤ.አ. በ1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ነው፤ ኤፍ ኤም ኤል ኤ ይሉታል። 12 ሳምንት ይሰጣል፣ ቦታሽን ይጠብቅልሻል፣ የጤና ኢንሹራንስሽንም ያስቀጥላል። ደመወዝ ግን የለውም። ለሁሉም አይደለም ደግሞ። ድርጅቱ በ75 ማይል ዙሪያ 50 ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል። አንቺም እዚያ ቤት አንድ ዓመት መሥራት፣ ባለፈው ዓመት ውስጥም 1,250 ሰዓት ማስቆጠር አለብሽ።

እዚህ ጋ ቆም በዪ። ሆቴሉ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዓት ሠርተሻል፤ ትልቅ ሆቴል ነው ብለሻል። ይህን መብት በላብሽ አግኝተሽዋል። ነርሲንግ ሆም ከገባሽ ግን ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ስትወልጂ እዚያ አራት ወርሽ ይሆናል። ቦታሽን ጠብቀው እንዲያቆዩልሽ ይህ ሕግ አያስገድዳቸውም።

አሁን ዋናው። ዲሲ የራሷ ሕግ አላት። ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወላጆች የሚከፍል ቋት አቋቁማለች። መጀመሪያ ስምንት ሳምንት ነበር፤ ከጥቅምት 2022 ወዲህ 12 ሳምንት ሆኗል። በዚያ ላይ ከወሊድ በፊት ለሐኪም ቀጠሮና ለእርግዝና ክትትል ሁለት ሳምንት አለው። እና ብዙ ሐበሻ የማያውቀው ነገር ይኸውልሽ፦ የሚታየው የምትኖሪበት ቦታ አይደለም፤ የምትሠሪበት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ተኝተሽ፣ በሬድ ላይን የሜትሮ ባቡር ተሳፍረሽ ዲሲ የምትሠሪ ከሆነ ሕጉ ያንቺ ነው። ከደመወዝሽ የሚቆረጥ ነገር የለም፤ የሚያዋጡት አሠሪዎች ናቸው። በትንሽም በትልቅም ድርጅት የሚሠራ ሰው ይሸፈናል።

ነገ ሥራ ስትገቢ ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት ክፍል ግድግዳ ላይ እዪ። ከዝቅተኛ ደመወዝ ማስታወቂያው ጎን፣ ማንም የማያነበው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ይኖራል። አሠሪዎች እንዲለጥፉት ሕግ ያስገድዳቸዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ቁጭ ብለሽ ምሳሽን በልተሽ ይሆናል። በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በሰዓት 22 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት፣ 880 ዶላር ነው። በዚህ ደረጃ ላለ ደመወዝ ዲሲ የምትከፍለው 90 በመቶውን ነው፤ 792 ዶላር በሳምንት። በ12 ሳምንት 9,504 ዶላር። አሁን የነርሲንግ ሆሙን እንይ። የሦስት ዶላር ጭማሪ በሳምንት 120 ዶላር ነው። እስክትወልጂ ቢበዛ 18 ሳምንት ቀርቶሻል። ዛሬውኑ ብትጀምሪ እንኳ 2,160 ዶላር ነው፤ ከፈለግሽ የሜትሮውን ሂሳብ ጨምሪበት። ሜሪላንድም የራሷን የክፍያ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2022 አውጥታ ነበር፤ ክፍያው ግን ተገፍቶ ተገፍቶ ለጥር 2028 ተቀጥሯል። ለዚህች ልጅ አይደርስላትም። ስለዚህ 2,160 ዶላር ለማግኘት 9,504 ዶላር፣ እሱም ላይ የሥራ ዋስትናሽን ትተሽ ነው የምትሄጂው። የጤና ኢንሹራንሱም አለ። አዲስ አሠሪ ኢንሹራንስ እስኪጀምርልሽ እስከ 90 ቀን ሊያስጠብቅሽ ይችላል፤ አንቺ ደግሞ በየጊዜው ሐኪም የምታዪ ሰው ነሽ።

አንድ ጥንቃቄ። የዲሲው ክፍያ ገንዘብ ነው እንጂ በራሱ ቦታ አይጠብቅም። ቦታውን የሚጠብቅልሽ ከላይ ያልኩሽ የ1993ቱ ሕግ ነው። ዲሲም 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ላይ የሚሠራ፣ ቤተሰብን ለመንከባከብ እስከ 16 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ አላት። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምትጠይቂው፦ ገንዘቡን ከዲሲ መንግሥት፣ ፈቃዱን ከሆቴሉ።

ግን እህቴ፣ ነርሲንግ ሆሙን የወደድሽው ለሦስት ዶላሩ ነው? ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው እንደዚያ አልመሰለኝም። «ወገቤ አልቋል» ብለሻል። በቀን 14 ክፍል፣ ፍራሽ እያነሱ አንሶላ መለወጥ፣ ያን የጨርቅ ጋሪ ምንጣፍ ላይ መግፋት። ይህ ለማንም ከባድ ነው፣ ለአምስት ወር ነፍሰ ጡር ደግሞ ይብሳል። ነርሲንግ ሆምም ቢሆን አዛውንት ማንሳትና ማገላበጥ አለው፤ እዚያ ያለው ሥራ ምን እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፣ ጠይቂያቸው። ለአሁኑ ወገብሽ ግን መፍትሔ አለ። ከሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ አሜሪካ፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለነፍሰ ጡር ሥራዋን የማቅለል ግዴታ አለበት፤ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ካላሳየ በስተቀር። ከባድ ነገር አለማንሳት፣ ተጨማሪ ዕረፍት፣ ቁጭ ብሎ መሥራት፣ የክፍል ቁጥር መቀነስ፣ እነዚህን መጠየቅ ትችያለሽ። ለሐኪምሽ በቀን ስንት ክፍል እንደምታጸጂ ንገሪያት። ምን ማንሳት እንደሌለብሽ ሁለት መስመር ትጻፍልሽ። ያን ወረቀት ይዘሽ ኤች አር (የሠራተኛ አስተዳደር) ጋ ሂጂ። ለሱፐርቫይዘርሽ ኮሪደር ላይ በቃል ብቻ ብትነግሪያት ነገ ሊረሳ ይችላል፤ ኢሜይል አድርጊ፣ ኮፒውን ያዢ።

አሁን የምለው ለባለቤትሽ ነው። ከቻልሽ ማታ ይህን አንብቢለት።

ወንድሜ፣ አንተም ዲሲ ነው የምትሠራው። አምስት ዓመት። ያ 12 ሳምንት የእናት ብቻ አይደለም፤ ለአባትም እኩል ነው። በሰዓት 20 ዶላር፣ በሳምንት 800፤ 90 በመቶው 720 ዶላር ነው። በ12 ሳምንት 8,640 ዶላር። ልጅህ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ልትወስደው ትችላለህ። ሚስትህ 12 ሳምንቷን ጨርሳ ስትመለስ አንተ ትቀበላታለህ። ወይም መጀመሪያ ላይ ሁለት ሳምንት አብረሃት ሆነህ፣ የቀረውን አሥር በኋላ ትወስዳለህ። ተራ በተራ ከወሰዳችሁት 24 ሳምንት ነው። አምስት ወር ተኩል፣ ልጃችሁ ከእናቷ ወይም ከአባቷ እጅ ሳትወጣ።

ፓርኪንግ ያሉት ጓደኞችህ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። «ወንድ ልጅ አራስ ቤት ምን ይሠራል?» ይላሉ። አገር ቤት ይህን ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር ነበር፤ እናት አለች፣ አማት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ወንዱ ቢገባም ቦታ የለውም። እዚህ ግን አማትህ ቪዛ ተከልክለዋል። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሕፃኗን ተቀብሎ የሚያስገሳት ሰው አንተ ብቻ ነህ። የስቶክሆልሙ አባት ለእሱ ብቻ ተብሎ የተቀመጠለት 90 ቀን ነው። ያንተ 12 ሳምንት 84 ቀን ይሆናል። ልዩነቱ ስድስት ቀን ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። 84 ቀን ስል ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሴት ልጅ ናት ብለሻል። ክርስትና የምታስነሺያት ከሆነ በሰማንያ ቀኗ ነው። ያቺ ቨርጂኒያ የምታውቂያት እናት በስድስት ሳምንቷ፣ በ42ኛው ቀን ተመለሰች፤ የሴት ልጅ ክርስትና ሊደርስ ግማሽ መንገድ ላይ። አንቺ ግን በ12 ሳምንትሽ ከክርስትናው አራት ቀን አልፈሽ ነው የምትነሺው። አያቶቻችን አራስ እስከዚያ ትረፍ ያሉት በከንቱ አይመስለኝም። ወገብ እስኪጠና፣ ወተት እስኪረጋጋ ያን ያህል ይፈጃል። ይበቃል እያልኩሽ አይደለም። ካናዳ ያሉት እናቶች 15 ሳምንት የወሊድ፣ ከዚያ ሁለቱ ወላጆች የሚካፈሉት 40 ሳምንት አላቸው፤ ክፍያው ግን 55 በመቶ ነው። ጀርመን ከወሊድ በፊት ስድስት፣ በኋላ ስምንት ሳምንት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሰጥታ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ዓመት ገደማ ከተጣራ ደመወዝ ወደ 65 በመቶ ትከፍላለች። ከእነሱ አንጻር ያንቺ ትንሽ ነው፤ ትንሽ መሆኑም ያናድደኛል። ግን አለ፣ ያንቺ ነው፣ ልትለቂው ደግሞ አንድ ፊርማ ነው የቀረሽ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ምን ታደርጊያለሽ? የግድግዳውን ወረቀት ፎቶ ካነሳሽ በኋላ፣ እሱ ላይ ባለው ቁጥር ለዲሲው የቤተሰብ ፈቃድ ቢሮ ደውዪ። እንግሊዝኛ ከከበደሽ «አማርኛ» በያቸው። የዲሲ መሥሪያ ቤቶች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛ ደግሞ ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሦስት ነገር ጠይቂ። አሠሪዬ በሥርዓቱ ውስጥ አለ ወይ? በእኔ ደመወዝ በሳምንት ስንት ይደርሰኛል? ማመልከቻውን መቼ ነው የማስገባው? የባለቤትሽንም እንዲሁ። የደመወዝ ወረቀቶቻችሁን ከአሁኑ ሰብስቡ። ለአሠሪዎቻችሁ ቀኑ ሲቃረብ ሳይሆን አስቀድማችሁ፣ በጽሑፍ አሳውቁ። ከዲሲ የሚመጣው ገንዘብ በየሁለት ሳምንቱ ነው፤ የመጀመሪያው እስኪደርስ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ቢኖራችሁ አትጨነቁም።

ነርሲንግ ሆሙን በደፈናው አትዝጊው። «ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ ከተወሰኑ ወራት በኋላ ብጀምር ትቀበሉኛላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለብሽም። እሺ ካሉሽ ከፈቃድሽ በኋላ፣ ከቤትሽ አሥር ደቂቃ ርቀሽ፣ በ25 ዶላር ትጀምሪያለሽ። እምቢ ካሉም ነርሲንግ ሆም ሠራተኛ ፈላጊነቱን አያቆምም። ሥራ ስትመለሺም፣ የትም ይሁን የት፣ ልጅሽ ዓመት እስኪሞላት ወተት የምታልቢበት ጊዜና ከመጸዳጃ ቤት የተለየ ቦታ እንዲሰጡሽ ሕግ አለ። እኔ ያን ጊዜ ሽንት ቤት ውስጥ ነበር የማልበው። አንቺ እንደዚያ አታድርጊ።

የቀረው የእናትሽ እጅ ነው። የእሳቸውን ቪዛ እንደገና መሞከር ይቻል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አማክሩ፤ በእሱ ላይ ብቻ ግን ተስፋ አትጣዪ። ቤተ ክርስቲያን የምታውቂያቸው እናቶች አሉሽ? ጎረቤት ሐበሻ? ከመውለድሽ በፊት አንዷን ጠጋ ብለሽ «እናቴ አትመጣም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ማን ገንፎ ያገነፋልኛል ብዬ ተጨንቄያለሁ» በያት። ልክ እንደዚህ፣ ሳትሸፋፍኚ። የእኛ ሴቶች «ምን ላምጣ?» ብለው ሲጠይቁ ምንም አያስፈልግም እንላለን፣ እነሱም ዳይፐር ይዘው መጥተው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው፣ ቡና ጠጥተው ይሄዳሉ። በግልጽ ከነገርሻቸው ግን ሰኞ አንዷ፣ ረቡዕ ሌላዋ ይመጣሉ። እናትሽም በቪዲዮ ሆነው «ቂቤውን ጨምሪበት» ይሏቸዋል።

እስኪ ዛሬ ማታ ባለቤትሽን አስቀምጪውና የእሱን 12 ሳምንት አስቀድመሽ አንሺለት። ያንቺን ለመውሰድ ብዙም የሚከራከርሽ አይመስለኝም፤ የእሱ ነው ጊዜ የሚፈልገው። ቢሮው ስንት እንዳለሽ፣ እሱም ምን እንዳለ ጻፊልኝ። የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ መልስሽን እጠብቃለሁ።